ቀላሉን መቶ ጊዜ

ከአስራ ስምንት ማዞሪያ አስኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ከፊቴ ተቀምጠዋል። ታናሹ ጭኑን ያሻል።

«ትናንት ከባዱን ብረት አምስት ጊዜ ብታነሳ ይበቃህ ነበር።»

«የእግር ጡንቻ የሚያወጣው ቀላሉ ነው። መቶ ጊዜ ቁጭ ብድግ አልኩበት።»

«ነገ ጨዋታ አለብን እኮ።»

«እጫወታለሁ።»

«መጀመሪያ ከታክሲው ውረድ።»

አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት እናት ሳቁ። «ልጄ፣ በዚህ ጉልበቴ እንኳ እኔ እሻልሃለሁ።»

«ወራጅ አለ» አለ ታላቁ።

ታናሹ በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ አልታዘዝ አለው።

«ና፣ ጀርባዬ ላይ ውጣ።»

«ሰው ያየናል።»

«ውጣ ባክህ። የኔ ከባድ ብረት አንተ ነህ፣ አንዴ ይበቃኛል።»

ቤት ስገባ፣ ታላቅ ወንድሜ በጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ የሠራልንን ብረት ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳሁት።