የአራስ ቤት እሳት በሐሩር ወራት

ነሐሴ የሐሩር ወር በሆነበት በአንድ ሩቅ አገር፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ቀን፣ እማማ ማልሱን አንድ ሸክም የጥድ ጭራሮ አዝለው ዳገቱን ሲወጡ፣ የባሕር አረም ሻጯ ኦክቡን ቁልቁል ስትወርድ መንገድ ላይ ተገናኙ። ኦክቡን ስድስት የወለደች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ጤና ይስጥልኝ ከተባባሉ በኋላ ሸክሙን አየት አደረገችና በዚህ ሐሩር እሳቱ ለማን ነው ብላ ጠየቀች። እማማ ማልሱንም ልጃቸው ቴሆ መርከብ ላይ ስለሆነ ምራታቸውን ኢንጃን የሚያርሷት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ፣ ከወለደች ገና አሥራ አንደኛ ቀኗ እንደሆነ፣ አራስ ደግሞ በስሩ ባለው የምድጃ ቦይ እሳት ነዶ የምትተኛበት ወለል ካልሞቀላት ነፋስ አጥንቷ ገብቶ ዕድሜ ልኳን እንደሚያሠቃያት አስረዱ።

«ሕፃኗስ እንዴት ናት፣ እትዬ?»

እማማ ማልሱን ሸክማቸውን አመቻቹ። «ጡት ትይዝና ታንቀላፋለች» አሉ። «ገላዋም ሽፍ ብሎ ፍም መስሏል።»

ኦክቡን ምራትዎ ነርስ አይደለችም እንዴ፣ እሷ ምን ትላለች አለች። እማማ ግን እጃቸውን አወናጭፈው የእሷ ዕውቀት የወረቀት ነው ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እውነትም ይህን ለማለት ምክንያት ነበራቸው። ኢንጃ ቡሳን ከተማ ተምራ ሦስት ዓመት በየመንደሩ እየዞረች እናቶችን ስታስተምር የኖረች ልጅ ናት። የራሷን ስትወልድ ሰዓት ራስጌዋ አስቀምጣ፣ ጡት በየአራት ሰዓቱ ነው፣ መጽሐፉ እንዲያ ይላል አለች። ሕፃኗ ብታለቅስ፣ አያቷም ቢያለቅሱ፣ ሰዓቱ አልደረሰም! «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው እማማ ሳህን እያንኳኩ ሲያጉረመርሙ ሰነበቱ። በአምስተኛው ቀን ሕፃኗ ሰዓቷ ሳይደርስ ስታለቅስ የኢንጃ ወተት በራሱ ፈሶ ልብሷን አራሰው። እሷም እየሳቀችና እንባዋን እየጠረገች ሰዓቱን ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ እማማ ማልሱን አንገታቸውን ቀና አድርገው ነበር የሚሄዱት። አንድ ጊዜ ማሸነፍ ግን ሰውን ድርቅ ያደርገዋል፤ ሁሉንም ነገር የሚያውቁ መሰላቸው።

እቤት ሲደርሱ ኢንጃ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ሕፃኗን ታቅፋ አገኟት። ቶሎ ብለው በሩን ዘጉ።

«እማማ፣ እስቲ ይቀመጡ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«መጀመሪያ እሳቱ ላይ ጭራሮ ልጨምር።»

«የምጠይቅዎ እሱኑ ነው። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ አንዴ ብቻ ነው የሸናችው። የምትጠባውም እየቀነሰ ነው። ይሄ እንቅልፍ አይደለም፤ ሙቀቱ እያደከማት ነው። እኔ ፈርቻለሁ።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! አራት ወልጄ አራቱንም ያሳደግሁት እዚህ ወለል ላይ ነው። ባልሽም ከነሱ አንዱ ነው። የሰዓቱን ነገር ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁም። ተሳስቼ ነበር፤ ያረሙኝም እርስዎ ነዎት። እናቶቹን ሳስተምር የምይዘው የጨርቅ አሻንጉሊት ነበር፤ እሷ መቼ ተርባ ታውቃለች? ስለዚህ ዛሬ መጽሐፍ አልጠቅስብዎትም። የምጠይቅዎ የራስዎን ነው። ቴሆ መቼ ተወለደ?»

«በዚያ በትልቁ በረዶ። ጋኑ ውስጥ ያለው ውኃ ረግቶ ጋኑን ሰነጠቀው።»

«ታላቅ እህቱስ?»

«ለብርዱ ወራት የሚቀመጠውን ጎመን በጨው ስንዘፈዝፍ ነው ምጡ የያዘኝ። ጣቴ በብርድ ደንዝዞ…»

«ሁለቱ ታናናሾችስ?»

እማማ ማልሱን አንዱን በብርዱ ወራት ለሚውለው አዲስ ዓመት ሩዝ ለቂጣ ሲወቀጥ፣ የመጨረሻዋን ወንዙ በረዶ ሆኖ ሰው በእግሩ ሲሻገርበት ብለው ጣታቸውን አጠፉ። አራተኛዋን ጣት እንዳጠፉ የታጠፉትን ጣቶቻቸውን አዩ። አራቱም የብርድ ልጆች ናቸው። በሐሩር ወልደው አያውቁም፤ ይህን ደግሞ እስከዚያች ደቂቃ አስበውት አያውቁም።

ሰው ግን ስለተረታ ብቻ እሺ አይልም፤ ፍርሃቱ መነካት አለበት። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ለክፋት መሰለሽ? ታናሿን ስወልድ እንጨት አልቆብኝ ወለሉ ቀዘቀዘ። እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴን ያመኛል። አንቺም እንደኔ ብትሆኚ ለልጄ ምን እለዋለሁ?»

«ብርዱን ስለቀመሱት ነው የፈሩልኝ። አውቃለሁ። ሙቀቱን ግን አልቀመሱትም። እኔ ጥላው ስር ወጣ ልበል፤ እርስዎ ብርድ ልብሱን ደርበው እዚሁ ይተኙ። ምድጃው ላይ ያለው ሩዝ እስኪበስል ብቻ።»

እማማ ማልሱን እልኸኛ ናቸው፤ ተኙ። ሩዙ ገና መንተክተክ ሳይጀምር በሩ ተበረገደና ፊታቸው በርበሬ መስሎ፣ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ ወጡ። አንድ ጣሳ ውኃ ጠጡ፤ ደገሙት። ከዚያ ሕፃኗን ትክ ብለው አዩአት።

«እኔስ እግር አለኝ፣ ወጥቼ ጠጣሁ» አሉ። «አንቺ ምን ልታደርጊ ኖሯል?»

እሳቱን በገዛ እጃቸው ውኃ ደፉበት። ግራና ቀኝ ያለውን በር ከፈቱ፣ የሕፃኗን መጠቅለያ ፈትተው በአንዲት ስስ ጨርቅ ተዉአት። ኢንጃ ቶሎ ቶሎ ታጠባት ጀመር። አመሻሹ ላይ ሕፃኗ ዓይኗን ከፍታ፣ ጉሮሮዋ እየተሰማ ትስብ ነበር። አያቷ ሊያስገሷት ሲያቅፏት ሸንታ ቀሚሳቸውን አራሰችው። እማማ ማልሱን መቼም እንደዚያ ቀን ተደስተው አያውቁም፤ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የሳቁት።

እንግዲህ ከአሮጌው ልማድ ብዙ የተጣለ ነገር የለም። ኢንጃ ለአራስ የሚሠራውን የባሕር አረም ሾርባ በየቀኑ ጠጥታለች፤ ለወተቷም ለጉልበቷም በጅቷታል። እንግዳ የሚከለክለው የገለባ ገመድ ሃያ አንዱን የአራስነት ቀን ሙሉ ደጃፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አራስ እንድትተኛ፣ ሕፃኗም ከሰው ጉንፋን እንድትጠበቅ የአባቶች ብልሃት ነውና። የተተወው እሳቱ ብቻ ነው። እሱ ስለቀረ የሕፃኗ ሽፍታ በሳምንት ጠፋ፣ ኢንጃም እንቅልፍ አገኘች፣ እማማም በሐሩር እንጨት ከመሸከም ዳኑ።

ገመዱ በወረደ ዕለት የመንደሩ ሴቶች ሊጠይቁ መጡ። በመጪው ወር የምትወልድ አንዲት ጎረቤት፣ እሳቱን ላንድድ ወይስ ልተወው ብላ እማማን ጠየቀቻቸው።

«መጀመሪያ ወለሉን በእጅሽ ዳሺው፤ ቀጥሎ የልጅሽን ገላ» አሉና ኢንጃን አዩአት። «እኔ አራት ወልጄ ይህን የተማርኩት ከአምስተኛዋ ነው፤ እሷንም የወለድኳት እኔ አይደለሁም።»