የእማዬ ጥጥ

ከዱብቲ ወደ አዋሽ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ አንድ አፋር ሽማግሌና ልጇን ያቀፈች ሴት ተቀምጠዋል። ሽማግሌው እንደ አገራቸው ወግ ዳጉ ጠየቋት፤ የሰሙትን ወሬ ለሚቀጥለው ሰው ሊያደርሱ።

«ምን አየሽ፣ ምን ሰማሽ ልጄ?»

«ከሆስፒታል መምጣቴ ነው አባቴ። ይቺ ልጄ ሳል ቢጠናባት ትክትክ ነው ብለው ጠረጠሩ። ትንሹን ወንድሟን እንዳይዘው አዋሽ አርባ እህቴ ጋ ሰድጄው ነበር።»

«በምን ለዩት?»

«ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን ሽቦ በአፍንጫዋ አግብተው፣ ወደ ጉሮሮዋ ሲደርስ አዟዟሩና አወጡት። ከዚያ በብልቃጥ ለምርመራ ወሰዱት።»

«አልጮኸችም?»

«ምን ትጮሃለች! መጀመሪያ አፍንጫዋን ይዛ እምቢ አለች። ኋላ ‹እማ፣ ያንቺ ጥጥ ነው?› አለችኝ። የመንግሥት እርሻው ጥጥ ለቃሚ ነኝ። ‹አዎ፣ የኔ ነው› ስላት ቀና ብላ አፍንጫዋን ሰጠቻቸው! እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፣ እሷ ግን ንቅንቅ የለም። ነርሷ ራሷ ተገረመች።»

«ውጤቱስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ትክትክ አይደለም። ወንድሟን ልናመጣ ነው።»

«ዳጉ ውሸት አይወድም ልጄ። ጥጡ በእርግጥ አንቺ የለቀምሽው ነው?»

«በዱብቲ እጄ ያልነካው ጥጥ ጥቂት ነው አባቴ። እርግጡን ግን አላህ ያውቃል።»

ልጅቷ ከእናቷ እቅፍ ቀና አለች። «የእማዬ ነው!»

«በቃ፣ ምስክር ተገኘ» አሉ ሽማግሌው፤ «እንደዚሁ አደርሰዋለሁ።»

እኔም ከኋላቸው የጥጥ ሸሚዜን እጅጌ በጣቶቼ ዳሰስኩ።