በከድር መኪና ስር የተገኘው ስሜ

በእኛ ጊዜ፣ እኛ ጊዜ ስላችሁ ደግሞ የጃንሆይ ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ ያን ያህል አላረጀሁም፣ ፌዴራሉ መጥቶ አገሩ ኦሮሚያ ከተባለ በኋላ ነው የምላችሁ፣ ያኔ መናኸሪያ ቆማ «ቡሬ! ቡሬ!» እያለች የምትጠራና ራሷ መሪ ይዛ የምትሄድ ሴት መቱ ላይ እኔ ነበርኩ። ሌላ ነበረች የሚል ካለ ይምጣና ይናገር። አንቺ ልጅ፣ የምትጽፊው እንዳወራሁት ጻፊው፣ አታሳምሪው፣ ካማረ የእኔ አይመስልም።

ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ሲሞት አንዲት ቶዮታ ፒክአፕና ሦስት ሴት ልጆች ትቶልኝ ሞተ። ታዲያ ገና ከአርባው ሳንወጣ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ «ወርቅነሽ፣ መኪናዋን ሽጪና ሱቅ ክፈቺ፣ ሴት ልጅ መናኸሪያ ለመናኸሪያ ምን ትሠራለች?» አለኝ። «ምን ትሠራለች? ትነዳለቻ!» አልኳቸው። እና ነዳሁ። በቡሬ ገበያ ቡሬ፣ በኡካ ገበያ ኡካ፣ ቡና ሲደርስ ደግሞ ያዮ። ሰውም ጭኛለሁ፣ ቡናም ጭኛለሁ፣ ማርም ጭኛለሁ። ልጆቼንም በሱው አስተማርኩ።

ታዲያ የያዮ መንገድ ያኔ መንገድ እንዳይመስላችሁ፣ ባሌስትራ ይበላል። ባሌስትራ ታውቃላችሁ አይደል? ከመኪናዋ ስር እንደ ቀስት የጎበጠው ብረት፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበው፣ ሸክሙን የሚችለው እሱ ነው። የእኔ መኪና የኋላው በግራም በቀኝም ተሰባበረና ወንድሜ ከአዲስ አበባ አዲስ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። ወፍራም፣ ለጭነት የሚሆን፣ ሰባት ሰባት ብረት የተደራረበበት። መንገድ ላይ እንዳይጠፋ ብሎ ስሜን በቀይ ቀለም ጽፎበታል። ወሰድኩና ለደጀኔ ሰጠሁት።

ደጀኔ ባለ ጋራዡ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጁ የተባረከ ነው፣ የሞተ ሞተር ያስነሳል። አፉ ነው እንጂ! አፉ ላይ ፍሬን የለውም። በዚያው ሳምንት ደግሞ የብርጭቆ ነጋዴው የከድር መኪና እዚያው ጋራዥ ገብታ ነበር፣ የእሱም ቶዮታ፣ የእሱም ባሌስትራ ልትቀይር። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፣ ሰላምተኛ፣ ሳቂታ፣ ብርጭቆና ሳህን እየጫነ ቡሬ ይወርዳል። ለብርጭቆ እንዲለሰልስለት ቀለል ያለ ነበር ያዘዘው፣ አራት ብረት ብቻ ያለው።

እና መኪናዬን ልወስድ ሄድኩ። ገና ከጋራዡ በር ስወጣ ነው ያወቅሁት፣ ኋላዋ ተወዛወዘ። ቆምኩና ተመለስኩ። «ደጀኔ፣ ይቺ መኪና ትወዛወዛለች» አልኩት። እሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ እንዲህ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «እትዬ ወርቅነሽ፣ አዲስ እኮ ነው፣ ይለምዳል» አለኝ። «ማን ነው የሚለምደው? ብረቱ ነው እኔ?» አልኩት። ሳቀ። ሠራተኞቹም ሳቁ። ያኔ ጎንበስ ብዬ ከስር ባይ ኖሮ! ቀን ከሌሊት የነዳኋት መኪና ናት፣ ዝቅ ብዬ ባይ ምን ነበረበት? ጭቃ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር፣ አላየሁም። ይኸው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከያዮ ስመለስ ቡና ጭኛለሁ፣ ከቡናው ጋር አምስት ሰው አለ። አንዱ ኦቦ ጉተማ ናቸው፣ የያዮ ማር ነጋዴ፣ ሽማግሌ፣ ደንበኛዬ። ቁልቁለቱ ላይ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ኋላዋ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ስመልሳት ጭራሽ ወደ ቀኝ ተወረወረ፣ ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር እየታሸ ጎማ ጎማ ሸተተኝ፣ ኦቦ ጉተማ ከኋላ «ሱታ! ሱታ!» ይላሉ፣ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ ማለታቸው ነው፣ እኔ ቀስ ማለቱን መች ጠላሁ፣ መኪናዋ እምቢ አለችኝ እኮ! ከዚያ ጎማው ቧ! አለ። ከቦይ ገብታ ዛፍ ተደግፋ ቆመች። ዛፉ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምታወራችሁ ሌላ ሰው ነበረች።

ወረድኩ።  አንድ ሁለት ሦስት ብዬ ሰው ቆጠርኩ፣ ሁሉም አለ። የኦቦ ጉተማ ክንድ ግን ተሰብሯል። «አባቴ፣ ገደልኳችሁ» ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው የተሰበረ ክንዳቸውን በጤነኛው ይዘው «ዋቃቱ ኑ ባሴ» አሉኝ፣ እግዜር አወጣን አሉኝ። አንቺ ነሽ አላሉኝም፣ ምን አደረግሽ አላሉኝም።

መኪናዋን ከቦዩ አስጎትቼ መቱ ስገባ ግን ወሬው ቀድሞኛል። መናኸሪያው ሁሉ አንድ አፍ ሆኗል። «ድሮስ ሴት!» ይላል አንዱ። «ማጀቷ አይሻላትም?» ይላል ሌላው። ደጀኔ ደግሞ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ፣ እግሩን ሰቅሎ፣ «ባሌስትራው ምን ያድርግ? አዲስ ነው። እጅ ነው እንጂ፣ እጅ!» ይላል አሉ። በኦሮምኛም በአማርኛም አወራው። ሰው ወደ መኪናዬ ሊወጣ ይመጣና እኔን ሲያይ ይመለሳል። አንዲት የማውቃት ሴት፣ ልጇን አስቀምጣ፣ ወዲያው መልሳ አወረደችው፣ አይኔን እንኳ አላየችም። ያ ነው የገደለኝ። ትልቋ ልጄ «እማ፣ ብትሸጫትስ?» አለችኝ። «ብሸጣት፣ ያሉት እውነት ነበር ይባላል። አልሸጥም!» አልኳት።

ታዲያ ሰው እምቢ ሲለኝ ጨው በጆንያ ጭኜ ቡሬ ወረድኩ፣ ጨው አይሰደብም፣ አይፈራም። ገበያው ዳር የከድር መኪና ቆማለች። ሳያት ኋላዋ እንደ ዶሮ ቂጥ ወደ ሰማይ ተሰቅሏል። ከድር ደግሞ ካርቶን ከፍቶ ስብርባሪ ይለቅማል።

«ምን ሆነህ ነው ከድር?» አልኩት።

«አይ እትዬ፣ አላህ ያሳይሽ፣ ይቺ መኪና ጠላቴ ሆነች። ከደጀኔ ጋራዥ ከወጣች ጀምሮ ጠጠር ስትረግጥ እንደ ሚዳቋ ትዘላለች። ብርጭቆ ጭኜ ተነስቼ ስብርባሪ ይዤ እደርሳለሁ። ወገቤም አለቀ።»

የእኔዋም ከዚያው ጋራዥ ነው የወጣችው!  ነጠላዬን አውልቄ መሬት ላይ አነጠፍኩና፣ ገበያተኛ እያየኝ፣ ከመኪናው ስር ገባሁ። ከድር «እትዬ! ኧረ እትዬ! ምን ነካሽ? ሰው ምን ይለኛል?» ይላል። እኔ ብረቱን እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት… ሰባት። ጭቃውን በጥፍሬ ፋቅኩት። ቀይ ቀለም። «ወርቅ» ይላል።

«ከድር!» አልኩት ከስር ሆኜ፣ «መኪናህ ስር ወርቅ አለ!»

«ወርቅ? ወላሂ?» ብሎ ተንደርድሮ ገባ። ጭንቅላታችን ተጋጨ። ሌላውን ጭቃ ስፍቀው «ነሽ» የሚለው ወጣ። ከድር ስብርባሪውን ረስቶ ሳቀ፣ «ወርቅ ነው ስትይኝ ሀብታም ሆንኩ ብዬ!» እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። እጄ አይደለም። ገባችሁ? ያን ሁሉ ሌሊት እጄን እያየሁ «አንተ ነህ ወይ?» ስለው የከረምኩት እጅ፣ እሱ አይደለም።

ሁለታችንም ተከታትለን መቱ ገባን፣ ቀጥታ ደጀኔ ጋራዥ። ስሜን አሳየሁት። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ደረቱን ነፋ። «ተቀያይሮም ከሆነ ምን ችግር አለው? ሁለቱም ገጥሟል። ያልገጠመ ብረት አላሰርኩም። አንድ ናቸው።» አንድ ናቸው! የሰው ክንድ ተሰብሮ አንድ ናቸው!

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ጋሼ ተሰማ የሚባሉ አስታራቂ ነበሩ፣ የተከበሩ፣ ድምፃቸው ለስላሳ። «ወርቅነሽ፣ የአንድ ከተማ ሰዎች ናችሁ፣ እሱም ልጆች አሉት፣ ብረቱን ይቀይርልሽ፣ አንቺም ይቅር በይና ይለቅ» አሉኝ። ደጀኔም «እቀይራለሁ፣ ግን የወደቀችው በእጇ ነው» አለ። ሰማችሁ? እቀይራለሁ ብሎ ስሜን ግን አልመልስም አለ!

ተነሳሁ። «ጋሼ፣ እኔ አሁን አልነዳም። ጥፋተኛው እጄ ነው ከተባለ እጄን እዚህ ልተወው። ደጀኔ ራሱ ይንዳ። ሰው አንጭንም፣ በሰው ነፍስ አይሞከርም። አሸዋ በጆንያ እንጫን፣ ያን ቀን የነበረውን ያህል፣ እና ያችን ቁልቁለት እሱ ይውረዳት። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ» አልኩ።

«ተይ ልጄ፣ እልህ ይቅርብሽ» አሉኝ።

«እልህ አይደለም ጋሼ፣ ስሜ ነው» አልኳቸው።

ደጀኔ ሰው እያየው እምቢ ማለት አልቻለም። ሄድን። እሱና እኔ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ በከድር መኪና ከኋላ። በመስታወት ሳያቸው እኮ በእኔ ባሌስትራ ጋሼ ተሰማ ጋቢያቸውን እንደያዙ ይነጥራሉ! ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ደጀኔ እንደ ሰርገኛ መሄድ ጀመረ። «ምነው? እኔ ያን ቀን በሁለተኛ ማርሽ ነበር የወረድኩት» አልኩት። አስገባ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ኋላዋ ሸርተት አለ፣ ላብ በላብ ሆነ። በሁለተኛው መወዛወዝ ስትጀምር መሪውን ጨመቀ፣ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ቆመበት፣ መኪናዋ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

 ጫካው ውስጥ ጉሬዛ ብቻ ይጮሃል። ደጀኔ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።  ከዚያ «እጅ አይደለም» አለ። ይኸው ነው ያለው። ቀጥሎ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ተምታቶብኝ ነው እትዬ። በነጋታው አወቅሁት፣ ግን አፈርኩ፣ ይለምዳል ያልኩትን ምን ብዬ ልመልሰው?» አለኝ። አሳዘነኝ። ግን አልለቀቅሁትም!

ባሌስትራው ለየባለቤቱ ተመለሰ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ደጀኔን በግ አስይዘው ቤቴ መጡ። በጉ ደህና በግ ነው፣ ሙክት ነው። «በጉን ለኦቦ ጉተማ ውሰድላቸው፣ ክንዱ የሳቸው ነው» አልኩት፣ «የእኔ ሥጋ አልተነካም፣ የተነካው ስሜ ነው። እሱን ያጠፋኸው መናኸሪያ ነው፣ እዚያው መልሰው።»

መለሰው። በገበያ ቀን፣ ሰው ጢም ባለበት፣ መኪናዬ ላይ ወጥቶ «ሰዎች! የእትዬ ወርቅነሽ መኪና የወደቀችው በእኔ ጥፋት ነው፣ የሰው ባሌስትራ አስሬባት ነው» አለ። ሊወርድ ሲል እጄን አነሳሁ። «ቆይ! አሁን ደግሞ በኦሮምኛ! በሁለቱም ነው ያጠፋኸኝ!» መናኸሪያው በሳቅ ሞተ፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ደገመው። ኦቦ ጉተማ ክንዳቸው እንደታሰረ ከሰው መሀል ወጡና «ዹጋ ዱበቴ» አሉ፣ እውነት ተናገረ አሉ፣ እና መጥተው ከፊት ወንበር፣ አጠገቤ፣ ቁጭ። «አዴ፣ ያዮ አድርሺኝ» አሉኝ፣ አዴ ማለት እትዬ እንደማለት ነው። እሳቸው ሲቀመጡ ሌላው ተሻማ።

«ታዲያ እትዬ፣ ከዚያ በኋላ መኪናዋን ሌላ ጋራዥ ወሰዷት?» ትለኛለች ይቺ የምትጽፈው ልጅ።

ለምን ሌላ እወስዳለሁ? ከደጀኔ የተሻለ እጅ መቱ ላይ የት አለ? እዚያው ነበር የምወስዳት! ብቻ እሱ ከስር በገባ ቁጥር እኔም ነጠላዬን አንጥፌ አጠገቡ እተኛ ነበር። «እትዬ፣ ኧረ ሰው ይስቅብናል» ሲለኝ፣ «አንተ እሰር፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ የሚስቀው ይሳቅ!» ሃ ሃ ሃ! ሳቁ ልጆቼ፣ ሳቁ፣ ግን ስማችሁን የነካ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃችሁ በጓዳ አትቀበሉት። ይህንንም ጻፊው።