ጸሎት የመሰለ ክስ

ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ፣ በምኖርበት አፓርታማ ግቢ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት አለ። ከልብሱ ይልቅ ሰው የሚታሽበት ቦታ ነው። በፈረንጆቹ 2008 የመጨረሻ ቀን፣ ከቀትር በኋላ አንሶላዬን ታቅፌ ስገባ ሐዳሳን አገኘኋት። ሐዳሳ ነርስነት የምትማር፣ በቤተ ክርስቲያናችን ልጆችን የምታስተምር፣ እዚሁ አሜሪካ ያደገች ልጅ ናት። አማርኛዋ ያነክሳል፤ አሳቧ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሰላምታችንን ሳንጨርስ መዝገቡ ቅርጫቱን ይዞ ገባ። መዝገቡ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ከኤርፖርት መንገደኛ በማመላለስ ይተዳደራል። ሚስቱ ከበቡሽ የምትሠራበት ሆስፒታል ተረኛ ሆና ስለገባች የዚያን ቀን ልብሱ የእርሱ ተራ ነበር።

«እንኳን አብሮ አደረሰን እማማ ወሰንየለሽ!» አለኝ።

«ነገ በለኝ፤ ዓመቱ መች አለቀና!» አልኩት።

ሳቀና ወደ ሐዳሳ ዞረ። «እግዚአብሔር ነው ያገናኘን ልጄ። ካሌብ የእኔን ስልክ አያነሳም፣ የአንቺን ያነሳል። ነገ እኛ ቤት የአዲስ ዓመት ጸሎት አለ፤ ና በይልኝ። ከነገ ወዲያ ጓዙን ጭኖ ወደ ሲያትል ሊሄድ ነው። ሳልጸልይለት እንዴት ይሄዳል?»

ካሌብ የበኩር ልጁ ነው። ከቤት ወጥቶ ፎርት ዎርዝ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ የአባቱን ደጅ አልረገጠም።

ሐዳሳ ፎጣውን ማጠፏን ትታ አቀረቀረች። «ጋሼ መዝገቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ አልነግረውም።»

ደሜ ፈላ። «አንቺ! ሽማግሌ ለምኖሽ እንቢ? ኮሌጅ የሚያስተምሯችሁ ይህንን ነው?»

«እማማ፣ አይቆጡኝ። ማለቴ፣ ካሌብ የማይመጣው እኮ ጸሎቱን ፈርቶ ነው።»

«ጸሎት የሚፈራ ሰይጣን ነው» አለ መዝገቡ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ባለፈው አዲስ ዓመት ምን ብለው እንደጸለዩ ያስታውሳሉ?»

መዝገቡ ልብሱን ወደ ማሽኑ መክተት ጀመረ። እኔ ግን አስታወስኩ። እዚያው ነበርኩ።

የመዝገቡ ቤት ልማድ እንዲህ ነው። በአዲስ ዓመት ቀን እንግዳ ይጠራል። ልጆቹ ምንጣፉ መሃል ይንበረከካሉ። አባትየው እጁን በየራሳቸው ላይ ጭኖ የዓመቱን ጥፋታቸውን አንድ በአንድ ለጌታ ያቀርባል። «ጌታ ሆይ፣ ይህች ልጅ ስልክ እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ አታነሳም። ጌታ ሆይ፣ ይህ ልጅ በእሑድ እንቅልፍ አሸንፎታል።» እኛ ደግሞ ሶፋው ላይ ተደርድረን አሜን እንላለን። ይህን የሚያደርገው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ቤት እንዲሁ ነው። ልጅን መገሠጽ ያቃተው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይገሥጻል። ልጁ መልስ እንዳይሰጥ ዓይኑ ተጨፍኗል። ጌታን መሃል አስገብቶ መሳደብ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

«ካሌብ ከኮሌጅ መባረሩን ለእርስዎ ብቻ ነው የነገረዎት» አለች ሐዳሳ። «መኪና ውስጥ፣ እያለቀሰ። እማማ ከበቡሽ እንኳ አያውቁም ነበር። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ሰው ሰብስበው፣ ‹ወድቆ የተባረረውን፣ ያዋረደንን ይህን ልጅ› አሉ።»

«ለእግዚአብሔር ነው የነገርኩት!»

«እግዚአብሔር እኮ ቀድሞ ያውቅ ነበር ጋሼ። ያላወቅነው እኛ ነን።»

እኔም ላግዘው ብዬ፣ «አባት ለልጁ ሲጸልይ አሜን የማይለው ማን ነው?» አልኳት።

«አሜን ሲሉ ድምፅዎ ከሁሉም ይበልጥ ነበር እማማ።»

ምላሴ ስል ነው ይሉኛል። ያን ጊዜ ግን አንሶላዬን ወደ ማሽኑ መጠቅጠቅ ጀመርኩ።

መዝገቡ ሐዳሳን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። «ይስሙ እንጂ እማማ! አባቴም እንዲህ ነው የጸለየልኝ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። ታዲያ እኔ ከቤት ሸሸሁ?»

«አባትህ የት ነው የሞተው?» አልኩት።

«ሆሳዕና።»

«አንተስ ያኔ የት ነበርክ?»

«አዲስ አበባ።»

«በሽታው ሲጸናበት ሄደህ ጠየቅከው?»

«ሥራ ነበረብኛ! ፈቃድ አልሰጡኝም።»

«ካሌብም ሥራ አለብኝ ነው የሚልህ» አልኩት።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደልም የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ ካሳደግሁ በኋላ ነው። የሰው ፊት ማንበብ ግን ማንም አላስተማረኝም። የመዝገቡ ፊት ሲወድቅ አየሁት። ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና የሚሽከረከረውን ልብስ ማየት ጀመረ። ቆይቶ፣ «ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም» አለ። «ሄጄ ብንበረከክለት፣ ሞት አልጋ ላይ ሆኖም እንደዚያው ይጸልይብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ሐዳሳ አጠገቡ ተቀመጠች። አላሸነፍኩም ወይ ብላ አልኮራችም፤ ደግ ልጅ ናት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አላት። «ልጄ ሲርቅ እያየሁ ዝም ልበል? አልጸልይለት?»

«ይጸልዩለት እንጂ! በር ዘግተው፣ ማንም ሳይሰማ። ሰው ፊት ግን የራስዎን ይናገሩ። ጋሼ፣ እኛ ልጆች አባቶቻችን ሲሳሳቱ ብዙ አይተናል። አጠፋሁ ሲሉ ግን ሰምተን አናውቅም። ፓስተር ‹መጪው የእድገት ዓመት ነው› ሲሉ ሁሉም አዋቂ ዞሮ ልጁን ነው ያየው። ሶ፣ የሚያድገው ማን ነው?»

እውነቷን ነው። በየዓመቱ መሪ ቃል እንሰቅላለን። የድል ዓመት እንላለን፣ የመብዛት ዓመት እንላለን፣ እልል እንላለን። ጨርቁ ይወርዳል፤ ሌላ ይሰቀላል። እኛ ግን ያው የአምናው ኩርፊያ፣ ያው የአምናው ሐሜት። ሰው በመንፈስ ማደጉ የሚታወቀው በጩኸቱ ከሆነ ይህ ማጠቢያ ማሽንም መንፈሳዊ ነው።

መዝገቡ እጁን ዘረጋ። «ስልክሽን ስጪኝ፤ ያንቺን ካየ ያነሳል።»

«አታልሎ ማስነሳት ጥሩ አይደለም። በራስዎ ኮል ያድርጉ። ባያነሳ መልእክት ይተዉ።»

ደወለ። አልተነሳም። መዝገቡ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተናገረ፤ «ካሌብ፣ አባትህ ነኝ። አምነህ የነገርከኝን ሰው ፊት አወጣሁት። ጸሎት እያልኩ ከሰስኩህ። ይቅር በለኝ። እንድትመጣ ብዬ አይደለም። መምጣት ካልፈለግህ አልቀየምህም።» ከዚያ ልማዱ ጎተተው፤ «አንተም ደግሞ ልጄ፣ ጌታ ልብህን እንዲያለሰልስልህ...»

ክንዱን ቆነጠጥኩት። «ዝጋው!»

ዘጋው።

በማግስቱ እንግዶቹ እንደተለመደው ተሰበሰቡ። ካሌብ አልመጣም። ከበቡሽ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ የሚገባው ሌላ ሰው ነው። ልንጸልይ ስንል ስልኳ ጮኸ። ካሌብ ነበር። ቀኑን ሳይጠብቅ ማለዳውኑ ጓዙን ጭኖ መንገድ ጀምሯል፤ ለካ ሲደውል ዳላስን ከኋላው ትቷል። እናቱ አለቀሰችና ስልኩን ለአባቱ ሰጠችው።

«መልእክቴ ደረሰህ?» አለው መዝገቡ።

የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለነበር ካሌብን ሁላችንም ሰማነው። «ደርሶኛል አባዬ። ታንክ ዩ።»

«ልጸልይልህ?»

የመኪናው ድምፅ ብቻ ይሰማል። «ዛሬ አይሁን አባዬ።»

ያ ሁሉ እንግዳ መዝገቡን አየ። የማውቀው መዝገቡ ቢሆን ሳይፈቀድለት ይጀምር ነበር። «እሺ ልጄ» አለ። «ቀስ ብለህ ንዳ።»

ስልኩን አስቀመጠና ልጆቹ በሚንበረከኩበት ምንጣፍ ላይ ራሱ ተንበረከከ። «ጌታ ሆይ፣ ልጄ አምኖኝ ነበር፤ እኔ አልታመንኩለትም። አባቴንም ይህንኑ ፈርቼ በሕመሙ ሳልጠይቀው ቀረሁ። አስተምረኝ» አለ። ከዚያ በላይ አልጨመረም። አሜን የሚል ሰው ጠፋ፤ እኔም እንኳ። ኤልሮኢ፣ የካሌብ ታናሽ እህት፣ ሁልጊዜ በጸሎት ሰዓት ተራዋ እስኪደርስ በሩ አጠገብ የምትቆመው ልጅ፣ ቀረብ ብላ እጇን በአባቷ ራስ ላይ አደረገች። «ጌታ፣ አባዬን ባርክልኝ። ካሌብንም በመንገድ ጠብቅልኝ» አለች። ያ ነው ጸሎቷ። የማንንም ጥፋት አልቆጠረችም።

እናንተ ወላጆች፣ ጥቅሙን ስሙኝ። በዚያ ቤት ዛሬ ልጅ ለአባቷ ምሥጢር ትነግራለች፤ ምሥጢሩም እዚያው ያድራል። እሑድ ማታ አብረው ቃሉን ያነባሉ፤ መጀመሪያ ጥፋቱን የሚናገር ትልቁ ነው። ኤልሮኢ ከበሩ አጠገብ ተነሥታ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። የእድገት ዓመት ማለት ይህ ነው። ግን አልዋሻችሁም፤ የካሌብ ነገር ገና ነው። ይደውላል፤ እናቱን ያወራል፤ ለአባቱ «ሰላም ነኝ» ይልና ይዘጋል። ካሌብ ሰው ፊት የተከሰሰበት ያ ቀን ሳይመጣ ይህን ሁሉ ብናውቅ ኖሮ ልጁ ዛሬ ከኛ ጋር ነበር።

መዝገቡ አሁን ለካሌብ የሚጸልየው መኝታ ቤቱን ዘግቶ ነው። ምን እንደሚል አላውቅም። አለማወቄ ደስ ይለኛል።