የማን ዜጋ ናት?

ባለፈው ጥቅምት ዘጌ ልቅሶ ለመድረስ ማልጄ ወደ ባሕር ዳር ጀልባ ማረፊያ ወረድሁ። የጀልባዋ ሞተር ግን አልነሣ ብሎ፣ ባለ ጀልባው «አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል» እያለ ረፋድ አደረሰን። ዋርካው ሥር አጠገቤ የተቀመጡት መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ናቸው። የዘጌ የቅኔ መምህር ስለሆኑ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ጭናቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ አለ።

«ለማን ነው የኔታ?» አልኋቸው።

«ለመልአኩ ለሩፋኤል። ስለት ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ውኃው መለሱ።

ወዲያው አንዲት ወጣት እያለከለከች ደረሰች። ርሆቦት ትባላለች፤ ሕግ ተምራ በቅርቡ ጥብቅና የጀመረች የባሕር ዳር የግሽ ዓባይ ሠፈር ልጅ ናት። ጸሎት ከምትባለው ከመሪጌታ ልጅ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያደገች ናት። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«የኔታ፣ ጸሎት ድምፅ ልካልኛለች። ለእርስዎም ልካለች። ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተው ጃንጥላ ገዝተው ወደ ቤትዎ?»

ድምፁን ከስልኳ ስታሰማኝ ነገሩን ተረዳሁ። ጸሎት በደላላ በኩል ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ሄዳለች። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቀምቶ በር ቆልፎባታል፤ ደመወዝ የሚባል ካየች ቆይታለች። በቀደም ዕለት እጇን በካውያ ተኩሰዋታል። አሁን ደግሞ በረሃ ውስጥ ላለ ዘመዳቸው ሊሰጧት ነው። «በሚመጣው ሳምንት ይወስዱኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለሁበትን የሚያውቅ የለም» ብላለች። እንደ ዕቃ ከቤት ወደ ቤት!

«ምን ላድርግ ልጄ?» አሉ መሪጌታ። «ደላላው ዘንድ ሄድሁ። ‹መንግሥት ጋ ከሄዳችሁ እሷው ትታሰራለች፤ ዝም በሉ› አለኝ።»

«የፈራው ለራሱ ነዋ!» አለች ርሆቦት። « ጅብ በግ ጠፋብኝ ላለው ሰው ‹አትፈልግ› ቢል ይታመናል?»

«ደግሞስ የቤቴን ገመና አደባባይ ላውጣ? የመሪጌታ ልጅ እንደ ልብስ ተተኮሰች ይባል?»

እዚህ ላይ መታገሥ አቃተኝ። «ገመናው የተኳሹ ነው እንጂ የእሷ ነው እንዴ የኔታ?» አልሁ። እንዲህ ያለውን እፍረት ስንት ቤት ሰማሁት! ልጅ ስትላክ ጎረቤት ተጠርቶ ይመረቃል፤ ልጅ ስትደበደብ በር ተዘግቶ ይለቀሳል። ጨካኞቹም ይህን ዝምታችንን ተማምነው ነው እጃቸው የረዘመው።

ርሆቦት ለስለስ አለች። «የኔታ፣ እዚያ አገር የእኛ ቆንስላ አለ። ጸሎት እኮ ዜጋ ናት፤ ቆንስላው...»

መሪጌታ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ።

«ምን አልሽ አንቺ? የኔ ልጅ ዜጋ ናት?»

ልጅቱ ግራ ገባት። እኔ ግን ገባኝ። ለእኛ ለዘመኑ ተማሪዎች ዜጋ ማለት የአገር ልጅ ነው፤ በጥንቱ የጎጃም ሰው አፍ ግን ርስት የሌለው፣ በሰው መሬት ተጠግቶ ለጌታ የሚያድር ማለት ነበር።

«አባቶቼ ባለ ርስት ናቸው! እኛ የዘጌ ሰዎች ነን እንጂ የማንም ዜጋ አይደለንም!»

ነገሩን ባስረዳኋት ጊዜ ርሆቦት ይቅርታ ትጠይቃለች ስል ጭራሽ ቀረብ አለቻቸው።

«እሺ የኔታ፤ በእርስዎ ቋንቋ እንነጋገር። ዛሬ ጸሎት ርስት አላት? መውጫ በር አላት? ስሟን እንኳ ለውጠው ነው የሚጠሯት። ታዲያ የዚያ ሰውዬ ዜጋ ሆና የለም? እርስዎም ዝም ባሉ ቁጥር ጌትነቱን እያጸኑለት ነው።»

የቅኔ መምህሩ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ርሆቦት ጨክና ነበር፤ ግን ልክ ነበረች።

«የኔታ» አልሁ እኔ፣ «በጥንቱ ጊዜ የአንዱን ጌታ ዜጋ ሌላው ቢደበድበውስ?»

«ጌታው ይነሣ ነበራ! ዳኛ ፊት ቆሞ ‹ዜጋዬን ስለ ምን ነካህ?› ብሎ ይሟገታል። አያቴ ሲያወጉኝ ሰምቻለሁ። በሰው ላብ ሲጠቀም ኖሮ በክፉ ቀን የማይሟገት ጌታ፣ እርሱማ ምኑን...» ብለው ሳይጨርሱት ቆሙ። የራሳቸው ቃል ያዛቸው።

«ይኸው ነው!» አለች ርሆቦት። «መንግሥትም ‹ዜጋዬ› ብሎ ፓስፖርት ሰጥቷታል። እንግዲያውስ ይሟገትላት! የዚያን አገር ፖሊስ ይዞ በሩን ማንኳኳት፣ ልጅቱን በዓይኑ ማየት፣ ፓስፖርቷን ቢቀሟት በምትኩ የመሸኛ ወረቀት ሰጥቶ ወደ አገሯ መመለስ የቆንስላው ሥራ ነው። ምጽዋት አይደለም። ግን ያልነገሩትን ከየት ያውቃል?»

«በደላላ ነው እኮ የሄደችው ልጄ፤ ያለ ሕግ።»

«የሄደችበት መንገድ ቢጠምም ዜግነቷ አልጠመመም።»

«ስለቴስ?»

«ስለትዎን ያግቡ። መልአኩ የመንገደኛ ጠባቂ አይደለም? እርስዎ መንገድ ካልጀመሩ ምኑን ይጠብቅልዎት?»

ይህን ጊዜ ሞተሩ ተንደቀደቀና ባለ ጀልባው «የዘጌ! የዘጌ!» እያለ ተጣራ። መሪጌታ ጀልባዋን አዩ፤ ርሆቦትን አዩ። ከዚያ ጃንጥላውን ለባለ ጀልባው አሸክመው «ለመልአኩ አድርስልኝ፤ እኔ የምሟገትበት ጉዳይ አለኝ» አሉት። እኔም ተከተልኋቸው፤ የዘጌው ሟች ይቅር ይበለኝ።

ጉዳዩ ይመለከተዋል በተባለው ቢሮ ያገኘነው ሹም፣ ርሆቦት ጸሎት የላከችውን ድምፅና የቤቱን አድራሻ ስታቀርብለት ሻዩን እየጠጣ ሰማን። «በሕጋዊ መንገድ ስላልሄደች ያስቸግራል። ለማንኛውም በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በሉ» አለ። እንዲህ ነው እንግዲህ! ልጅቱ ልትሰወር የቀራት ጊዜ ለእርሱ አንድ የቀጠሮ ቃል ነው።

መሪጌታ ግን አልጮኹም። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህች ልጅ ዜጋችን ናት ትላላችሁ ወይስ አትሉም?»

«እንላለን እንጂ አባቴ።»

«እንግዲያውስ ዜጋችሁ ተነክታለች። ጌታ ነኝ ያለ ይነሣ። ወይም ‹የእኛ አይደለችም› በለኝና ልሂድ።»

ሹሙ መሪጌታን አየ፣ ርሆቦትን አየ። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና ስልኩን አነሣ።

የቆንስላው ሰው ከፖሊስ ጋር ያንን በር ያንኳኳው ጸሎት ሳትወሰድ ነው። በማግሥቱ ለአባቷ ደውላ «አባዬ፣ ከበሩ ውጭ ‹ጸሎት ኪዳነ ወልድ የምትባል ዜጋችን እዚህ አለች?› ሲል ሰማሁት። ስሜን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!» አለቻቸው።

ያመለጠኝን የዘጌ ልቅሶ የደረስሁት እሷ አገሯ ከገባች በኋላ ነው። ሰንበት ስለነበር ቅዳሴው ሲያበቃ መሪጌታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሕዝቡን አቁመው ሲናገሩ አገኘኋቸው።

«ልጅ የምትልኩ፣ በደላላ አትላኩ። የላካችሁም፣ ያለችበትን ቤት ጠይቃችሁ እወቁ፤ ለመንግሥት አሳውቁ። ስትነካ ዛሬውኑ ጩኹ። ጊዜ ያላለፈበት ጩኸት በር ያስከፍታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ‹ሳምንት ተመለሱ› የሚላችሁ ቢኖር ከደጁ አትነሡ። ሰው እንዳይሰማ ያላችሁ እንደሆነ፣ ልጃችሁም ስትጮህ የሚሰማት አታገኝም።»

አንድ የዕድሜ እኩያቸው፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ቄስ፣ ከወደ ኋላ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የኔታ! ታዲያ የባለ ርስቱ የመሪጌታ ልጅ ዜጋ ናት ማለትዎ ነው?»

ሕዝቡ ሳቀ። ጸሎት ጠባሳ ያለበትን እጇን በነጠላዋ ሳትሸፍን ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። መሪጌታ ወደ እሷ ተመለከቱ።

«አዎን፣ ዜጋ ናት» አሉ፤ «ተሟጋች ያላት ዜጋ!»