ሦስተኛውን አልጠራም

አሰላሙ ዐለይኩም። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የጌጃ ሰፈር ሰዎች፤ ከልደታ ማርያም ከቅዳሴ በቀጥታ የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፤ አላህ ያክብርልኝ። ጀናዛው ከመነሳቱ በፊት ጥቂት ታገሱኝ። ጃፋር ነኝ፤ ከሟቹ ከሙከሚል ጋር ሐራጅ ስጠራ የኖርኩ። ያስነሳኝ ለቅሶ ብቻ አይደለም። ፈርቻለሁ።

ሙኬን የማያውቅ አለ? ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል የስንታችሁን ዕቃ ሸጠ? መጀመሪያ ጉድለቱን፣ ከዚያ ዋጋውን። እትዬ ትርፌ፣ ፍሪጅዎን ያስታውሳሉ? «ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም!» ብሎ ሲለፍፍ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልትሸጥልኝ ነው ልታዋርደኝ?» አሉት። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። «ሐራጅ ሐላል ነው፤ ነቢያችንም ‹ማን ይጨምራል?› ብለው ሸጠዋል። ሐራሙ ነውር መደበቅ ነው። ሐራሙ ላይገዙ ገብቶ ዋጋ ማስጨመር ነው» አለን።

እንዲህ ያለው ሰው ግን ፈርቶ ነው የሞተው። ምን አስፈራው?

አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነው ያስፈራው። ልጅ ያዘለች ሴት ዋጋ ጠራች። አንድ ጎረምሳ ጨመረባት። እሷም ጨመረች፤ ጨመረባት። ሙኬ ሦስት ጊዜ ጠራ፣ ለእሷ ሆነ። በማግስቱ ሜክሲኮ ካፌ ስንገባ ጎረምሳው መኪናውን ካሸጠን ሰውዬ ጋር ተቀምጦ ይሳሳቃል። ለካ ወንድሙ ኖሯል፤ ላይገዛ ነው ያስጨመረባት! ሙኬ ሻዩን ትቶ ተነሳ። መኪናውን ወዳደረስንበት ቤቷ ሮጥን። ቤቱ የለም፤ ዶዘር ቀድሞናል። ስሟን እንኳ አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ጀሞ በሉ፣ ጎፋ በሉ፣ ኮንዶሚኒየም በተባለ ሁሉ በር ሲያንኳኳ ከረመ። «አንተ እኮ አላወቅክም» አልኩት። «የተሸጠው በእኔ አፍ ነው» አለኝ። ሆስፒታል ተኝቶም እጄን ያዝ አደረገና፣ «ጃፋር፣ አላህ የራሱን ሐቅ ይምረኛል። የእሷንስ ማን ይምረኛል?» አለኝ።   ወላሂ፣ ለእሱ ፈርቻለሁ!

ስለዚህ እሱ ሲጠራ በኖረበት አጠራር ልጥራ። አንቺ ሴት፣ እዚህ ካለሽ፣ አውፍ በይው፣ ይቅር በይው። የሚያውቃትም ካለ ይናገር። አንደኛ!

ማንም የለም?

ሁለተኛ! እናቶች፣ እስቲ ዞር ዞር በሉ፣ ተያዩ።

ሦስተኛውን አልጠራም። ሦስተኛ ከተጠራ አለቀ፣ ተዘጋ ማለት ነው። አልዘጋውም። ከነገ ጀምሮ በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ።

ሂድ እንግዲህ፣ ወንድሜ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ሦስተኛዋ ጥሪ እኔ ጋ ናት።