ደህና ነው የተባለው ልብ፤ የዶክተር ደባልቄ ይመር ዜና ሕይወት

እኔ የባለቤታቸው ወንድም ይህን የማነብላችሁ ከሟቹ ከራሳቸው በተቀበልኩት አደራ ነው፤ አንዲት ቃል እንዳላስቀርም አስምለውኛል።

ዶክተር ደባልቄ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር ገበየሁ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩዬ ካሣው በ1961 ዓ.ም. በወረኢሉ ተወለዱ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አሶሳ ሰፈራ መጥተው፣ በመጀመሪያው ክረምት ታናሽ እኅታቸውን ወባ ስትነጥቃቸው ሐኪም ለመሆን ቆርጠው፣ በጎንደር በሕክምና ተመረቁ። ክልሉ ገና ሲደራጅ፣ ሌሎች ምደባቸውን ለማስቀየር ሲሯሯጡ፣ እርሳቸው ደጅ ጠንተው ወደ አሶሳ ተመለሱ፤ ከወይዘሮ ሠናይት ጋርም ጋብቻ መሥርተው ሁለት ልጆች አፈሩ። ለነፍሰ ጡሮች ተብሎ በመጣው አልትራሳውንድ የልብ ጡንቻን መመርመር በአዲስ አበባ ሠልጥነው፣ ስንቱን ታማሚ ከረጅም መንገድ አሳረፉ።

በ1993 ዓ.ም. ወይዘሮ ኢንቲሳር የተባሉ የአርባ ቀን አራስ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ እግራቸው አብጦ ከቶንጎ መጡ። ዶክተር ደባልቄ በመሣሪያው አይተው፣ ለባለቤታቸው ለአቶ ሐምዳን «ልቧ ደህና ነው፤ የሳንባ ምች ነው» ብለው መድኃኒት ሰጥተው ሸኟቸው። ወይዘሮ ኢንቲሳር በዘጠነኛው ቀን አረፉ። አቶ ሐምዳን ሕፃኗን ታቅፈው ተመልሰው፣ «ዶክተር፣ አንተ ደክመሃል፤ ቀኗ ደርሶ ነው፣ አላህ ይስጥህ» ብለው አመሰገኗቸው።

በዚያው ሳምንት ዶክተሩ በካሴት የተቀዳውን ምስል መልሰው ሲያዩ፣ የወይዘሮ ኢንቲሳር ልብ ግድግዳው ሳስቶ፣ ውስጡ ሰፍቶ፣ በየምቱ እምብዛም ሳይጨበጥ ተመለከቱ፤ በወሊድ ሰሞን የሚመጣ የልብ ጡንቻ ድካም ነበር። ሊያግዛቸው የሚችል መድኃኒትም በግቢው ፋርማሲ ነበረ። ይህን ለአቶ ሐምዳን አልነገሩም።

ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ ያጠራትን አራስ ሁሉ ሁለት ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ መረመሩ፤ ብዙዎችም ተረፉ። አቶ ሐምዳን ግን በየዓመቱ ማንጎ በጆንያ አሸክመው ለምስጋና ሲመጡ፣ ዶክተር ደባልቄ ጓሮ ገብተው ይሸሸጉ ነበር፤ ከማንጎውም አንድም ቀን አልቀመሱም። እኅቴ እንደምትለው፣ በማዕድም ሆነ በጸሎት ዓይናቸውን በከደኑ ቁጥር ያ ልብ ይታያቸው ነበር፤ አይቆምም፣ አይበረታም።

በኩላሊት ሕመም ስምንት ወር ተሠቃይተው በአርባ አንድ ዓመታቸው ትናንት አረፉ። ከሳምንት በፊት አስጠርተው ይህን ሲያጽፉኝ፣ «በሕይወት ሳለሁ ድፍረት አጣሁ፤ በአስከሬኔ ፊት ይነገርልኝ» ብለዋል። አቶ ሐምዳን ዛሬ ከቶንጎ መጥተው ከመካከላችን ተቀምጠዋል።

ዶክተር ደባልቄ አረጋዊት እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሠናይትን፣ ልጆቻቸውን መነንንና ቴዎን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የወይዘሮ ኢንቲሳርን ነፍስ፣ የእርሳቸውንም ነፍስ በምሕረቱ ያሳርፍ። አሜን ከማለታችን በፊት ግን፣ አቶ ሐምዳን፣ እርስዎን እንጠብቃለን።